ዶክተር መላኩ በያን፤ ለትምህርት ተልከው መልእክተኛ የሆኑት ሐኪም

አንድ አገር ልጆቹን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ሲልክ ከተላከው ሰው በመጀመሪያ የሚጠብቀው ሙያን ነው። ሐኪም እንዲሆን የላከውን ሐኪም ሆኖ፣ መሐንዲስ እንዲሆን የላከውን መሐንዲስ ሆኖ መቀበል ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ተማሪው በባዕድ አገር የሚያሳልፈው ዘመን ከመማሪያ ክፍሉና ከቤተ ሙከራው የሰፋ ነው። በሚኖርበት ኅብረተሰብ ዘንድ በምን ዓይን እንደሚታይ ይማራል፤ ከማን ጋር እንደሚቆምና ራሱን ማን ብሎ እንደሚጠራም ለመወሰን የሚገደድበት ቀን ይመጣል። ይህ ትምህርት በማንኛውም ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዝርዝር ላይ አልሰፈረም። ነገር ግን ከዲፕሎማው ባልተናነሰ የተማሪውን ቀሪ ሕይወት ይወስናል።

ለዚህ አባባል ከዶክተር መላኩ በያን ሕይወት የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዶክተር መላኩ በአሜሪካ አገር 13 ዓመት ያህል በትምህርት ላይ ቆይተው የሕክምና ዶክትሬት ያገኙ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። በሙያቸው ወገናቸውን ለማገልገል የቻሉት ግን ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። የቀረውን አጭር ዕድሜያቸውን ያዋሉት፣ በዩኒቨርሲቲ ሳሉ የተማሩትንና ማንም እንዲማሩት ያላዘዛቸውን ነገር በሥራ ላይ ለማዋል ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከወሎ እስከ ቦምቤይ

መላኩ በያን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚያዝያ 1892 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1900፣ በወሎ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። አባታቸው ግራዝማች በያን፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ይባሉ ነበር። ገና በሕፃንነታቸው ወደ ሐረር ተወስደው በራስ መኰንን ግቢ ውስጥ አደጉ። ከገዢው ቤተሰብ ጋር የሥጋ ዝምድና ስለ ነበራቸው የመኳንንት ልጆች የሚሰጣቸውን የአገር ቤት ትምህርት ተማሩ፤ ካደጉም በኋላ በራስ ተፈሪ መኰንን ቤት በእልፍኝ አሽከርነት አገለገሉ። ለወጣቱ የነበረው የተለመደ መንገድ በቤተ መንግሥቱ ጥላ ሥር ቀስ በቀስ ማዕረግ እያገኙ ወደ ላይ መውጣት ነበር።

ዘመኑ ግን የለውጥ ዘመን ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ አገሪቱ ነጻነትዋን በጦር ሜዳ ብታስከብርም፣ ያንን ነጻነት በሰላም ጊዜ የሚጠብቁ የተማሩ ሰዎች አልነበሩዋትም። የባቡር ሐዲዱን፣ ስልኩንና ቴሌግራፉን፣ ሆስፒታሉንና የገንዘብ ቤቱን የሚያንቀሳቅሱት በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1925 ቢከፈቱም፣ ሁለቱም ሐኪምና መሐንዲስ ለማውጣት የሚበቁ አልነበሩም። ስለዚህ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የተመረጡ ወጣቶችን ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ቤይሩትና ወደ ሌሎችም አገሮች መላክ ጀመሩ። መላኩ በያንም በዚሁ አሳብ መሠረት በ1921 ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ወደ ሕንድ አገር ወደ ቦምቤይ ተላኩ።

ከነጻ አገር የመጡት ወጣቶች በሕንድ ያጋጠማቸው የእንግሊዝ የቅኝ ግዛት አስተዳደር ነው። የአገሩ ባለቤት በገዛ አገሩ ከመጤው በታች ሆኖ ሲኖር ማየት፣ ለነርሱም የሚሰጠው ግምት ከዚሁ ያልተለየ መሆኑን መረዳት፣ የጀመሩትን ትምህርት እንዲቀጥሉ የሚያበረታታ አልነበረም። ስለዚህ በሕንድ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሌላ አገር እንዲዛወሩ ጠየቁ። አሜሪካ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያች አገር በአፍሪቃ ምድር የቅኝ ግዛት ጥያቄ አልነበራትም። በኢትዮጵያ ዙሪያ የተሰለፉት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ሲሆኑ፣ ከነዚህ ወጥቶ ሌላ የእውቀት ምንጭ መፈለግ ከአንድ ተማሪ ምቾት ያለፈ የአገር ጥቅም ነበረው። ከዚያ አስቀድሞ በ1919 በደጃዝማች ናደው የተመራ መልእክተኛ ቡድን ወደ አሜሪካ ሄዶ ስለ ነበር፣ መንገዱ ጨርሶ ያልተጠረገ አልነበረም።

በኦሃዮ

መላኩ በያን በ1922 ከጓደኞቻቸው ከበሻህውረድ ሀብተ ወልድና ከወርቁ ጎበና ጋር አሜሪካ ገቡ። በዋሽንግተን ከፕሬዚዳንት ዋረን ሐርዲንግ ጋር ተገናኝተው የአገራቸውን ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ፣ ኦሃዮ በተባለው ክፍል ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው ሙስኪንገም ኮሌጅ ተቀበላቸው። ኮሌጁ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ይህችው ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ውስጥ የሕክምናና የወንጌል ሥራ የሚሠሩ መልእክተኞች ነበሩዋት።

ሦስቱ ተማሪዎች በአንድ የገጠር ኮሌጅ ውስጥ ያደረጉት ጥረት ቀላል አልነበረም። በአማርኛ ፊደል የቆጠረ ሰው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የሳይንስ ትምህርት ለመከታተል መጀመሪያ ቋንቋውን፣ ቀጥሎ የሒሳቡንና የኬሚስትሪውን መሠረት፣ በመጨረሻም የአገሩን የአኗኗር ሥርዓት መማር ነበረበት። መላኩ በያን ይህን ሁሉ ተቋቁመው በ1928 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያም የሕክምና ትምህርታቸውን ለመቀጠል ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ።

በዚህ ጊዜ የነበራቸው የኑሮ ሁኔታ በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። የንጉሣዊ ቤተሰብ ዘመድና የአንድ ነጻ መንግሥት ልዑክ በመሆናቸው ነጮቹ አስተናጋጆቻቸው በልዩ አክብሮት ይይዙዋቸው ነበር። በአንጻሩ ቆዳቸው እንደ መላኩ ቆዳ ጥቁር የሆነ አሜሪካውያን በምግብ ቤት፣ በባቡር፣ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት ተለይተው እንዲኖሩ ሕግና ልማድ ያስገድዳቸው ነበር። ለአንድ የውጭ አገር ተማሪ ይህን ልዩነት እንደ ጋሻ ይዞ፣ እኔ ከነዚያ ወገን አይደለሁም ብሎ፣ ዲግሪውን ተቀብሎ ወደ አገሩ መመለስ የሚቻል ነበር። ያንን መንገድ የመረጡ ከየአገሩ የመጡ ብዙዎች ነበሩ። መላኩ በያን ግን የተደረገላቸው ልዩ አቀባበል ለርሳቸው የተሰጠ ክብር ሳይሆን ከወገኖቻቸው የሚለይ አጥር መስሎ ታያቸው። ስለሆነም ኦሃዮን ትተው በዋሽንግተን ወደሚገኘው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ወሰኑ።

ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ

ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1867 ነው። ስያሜውን ያገኘው ከባርነት ነጻ የወጡትን ሰዎች ለመርዳት የተቋቋመውን መሥሪያ ቤት ይመሩ ከነበሩት ከጄኔራል ኦሊቨር ሐዋርድ ነው። በሩ ለማንኛውም ዘር ክፍት ቢሆንም ዋና ተግባሩ ሌላው ዩኒቨርሲቲ የማይቀበላቸውን ጥቁር አሜሪካውያን ማስተማር ነበር። የሕክምና ትምህርት ክፍሉ በናሽቪል ከሚገኘው ከመሃሪ ሜዲካል ኮሌጅ ጋር ሆኖ በዚያን ዘመን ከነበሩት ጥቁር ሐኪሞች አብዛኞቹን ያሠለጠነ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ የተግባር ልምምዳቸውን የሚያገኙት አጠገቡ በነበረው በፍሪድመንስ ሆስፒታል ነበር። በ1926 ዶክተር ሞርደካይ ጆንሰን የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ጥቁር ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ትምህርት ቤቱ ከካሪቢያን ደሴቶችና ከአፍሪቃ የሚመጡ ተማሪዎች የሚገናኙበት ታላቅ ማዕከል ሆነ። ኋላ የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ናምዲ አዚኪዌ ከነዚህ ተማሪዎች አንዱ ነበሩ።

ከመምህራኑ መካከል በተለይ የሚጠቀሱት ፕሮፌሰር ዊልያም ሊዮ ሐንስቤሪ ናቸው። ሐንስቤሪ ከ1922 ጀምሮ ስለ ጥንታዊት አፍሪቃ ታሪክ ያስተምሩ ነበር። በዚያ ጊዜ አፍሪቃ ታሪክ የላትም የሚለው አስተሳሰብ በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀር እንደ እውነት ይቆጠር ስለ ነበር፣ ትምህርታቸው ከገዛ ባልደረቦቻቸው እንኳ ጥርጣሬ አላጣውም። ስለ ኩሽ፣ ስለ ኑቢያና ስለ አክሱም ሲያስተምሩ፣ ከነዚያ አገሮች በአንዱ ተወልዶ ያደገ፣ የአገሩን ቋንቋና ታሪክ የሚያውቅ ተማሪ በአጠገባቸው ማግኘታቸው ትልቅ ነገር ነበር። መላኩ በያን በበኩላቸው፣ በቤተ መንግሥት የሰሙትን የአገራቸውን ታሪክ ከሰፊው የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ጋር የሚያያይዘውን ክር ከሐንስቤሪ አገኙ። በ1934 ሐንስቤሪ ከመላኩ በያንና ከሌሎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤትን አቋቋሙ። የምክር ቤቱ ዓላማ ስለ ኢትዮጵያ የሚሰጠውን የተሳሳተ ወሬ በተጣራ መረጃ መመለስና የሁለቱን ሕዝቦች ግንኙነት ማጠናከር ነበር። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚታየው የአፍሪቃ ጥናት ከመደራጀቱ ብዙ ዓመታት በፊት፣ አንድ መምህርና አንድ የሕክምና ተማሪ በመተባበር ይህን ሥራ ጀምረውት ነበር።

የመላኩ በያን አቋም በግል ኑሮአቸውም ተፈተነ። በአገር ቤት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ልጅ እንዲያገቡ ታጭተውላቸው ነበር። ይህ ጋብቻ ለአንድ ወጣት የሚከፍተው በር ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበር መናገር አያሻም። እርሳቸው ግን እጮኝነቱን አፍርሰው በ1931 ዶሮቲ ሐድሊ የተባሉትን ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር ሕዝብ አይቆጥሩም የሚል ወሬ በአሜሪካ ጋዜጦች በሚነዛበት በዚያ ወቅት፣ ይህ ጋብቻ ብዙ ንግግር ሊያስረዳው የማይችለውን ነገር አስረዳ። ወይዘሮ ዶሮቲም ከዚያ ቀን ጀምሮ በባለቤታቸው ሥራ ሁሉ እኩል ተካፋይ ሆኑ።

ባለሙያ ፍለጋ

ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የምትፈልገው ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ የሠለጠነ የሰው ኃይልም ትፈልግ ነበር። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ስለሚሠራው ግድብ ጄ ጂ ኋይት ከተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ወደ ኒው ዮርክ በሄዱ ጊዜ፣ በሐርለም ከሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋብዘው ነበር። መላኩ በያንም ተማሪ ሳሉ ይህንኑ ሥራ ቀጠሉ። የአሳቡ መሠረት ቀላል ነው። በአሜሪካ የሚገኘው ጥቁር መሐንዲስ፣ መካኒክ ወይም ሐኪም እውቀት አለው፤ በቀለሙ ምክንያት ግን እውቀቱን የሚያሠራበት ቦታ ተነፍጎታል። ኢትዮጵያ ደግሞ ቦታው አላት፤ እውቀቱ ግን ያንሳታል። ሁለቱን ማገናኘት ለሁለቱም ይጠቅማል።

ጅምሩ ሁሉ የተሳካ አልነበረም። በ1930 ለንግሥ በዓሉ እንዲበር ወደ አዲስ አበባ የመጣው ሁበርት ጁልያን የተባለው አብራሪ፣ በዓሉ ከመድረሱ በፊት አንዱን አይሮፕላን ከስክሶ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ይህ ግን መላኩ በያንን ከዓላማቸው አላናወጣቸውም። በ1935 መጀመሪያ ከጆን ሮቢንሰን ጋር ተገናኙ። ሮቢንሰን ከተስኪጊ የመካኒክነት ትምህርት ቤት የተመረቀ፣ በቺካጎ የሚኖር ሰው ሲሆን፣ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በቀለሙ ምክንያት አልቀበልህም ሲለው በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ፣ የሚሰጠውን ትምህርት በጆሮው እየተከታተለ በመጨረሻ ለመመዝገብ የበቃ ብርቱ ሰው ነበር። በመላኩ በያን ግብዣ በግንቦት 1935 ወደ ኢትዮጵያ ተጉዞ የአገሪቱ ጥቂትና ያረጁ አይሮፕላኖች አዛዥ ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ በነዚያ መሣሪያ በሌላቸው አይሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት እያመላለሰ አገለገለ። በ1944 ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችንና መካኒኮችን ሲያሠለጥን ቆይቶ፣ በ1954 በደረሰበት የአይሮፕላን አደጋ በአዲስ አበባ ሞቶ በዚያው ተቀበረ። አንድ የሕክምና ተማሪ ያደረገው ምርጫ ለአገሪቱ አቪዬሽን ያስገኘው ፍሬ ይህን ያህል ነበር።

ሐኪሙ በጦር ሜዳ

በታኅሣሥ 1934 በወልወል የተተኮሰው ጥይት ጦርነቱ የማይቀር መሆኑን አሳየ። መላኩ በያን በ1935 የሕክምና ዶክትሬታቸውን ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተቀብለው፣ ባለቤታቸውንና ሕፃን ወንድ ልጃቸውን ይዘው በሐምሌ ወር አገራቸው ገቡ። በዘመናዊ ሕክምና ተመርቀው በሙያቸው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በዚያን ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመውም በዚያው በሐምሌ ወር ነው። ዶክተር መላኩ በመጀመሪያ በአዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ሆስፒታል ተመደቡ። ጦርነቱ በጥቅምት 3 ቀን 1935 በይፋ ከጀመረ በኋላ ወደ ኦጋዴን ግንባር ወርደው በቀይ መስቀል ሥር ቁስለኞችን ማከም ጀመሩ።

በዚያ ግንባር የነበረው ሁኔታ በትምህርት ቤት ከተማሩት የራቀ ነበር። መድኃኒቱ ጥቂት፣ መንገዱ ረጅም፣ ሙቀቱም ከባድ ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ የመርዝ ጋዝ ከአይሮፕላን ስትረጭ፣ መከላከያ የሌለውን ባለባዶ እግር ወታደር ቆዳውንና ሳንባውን ታቃጥለው ነበር። የቀይ መስቀል ምልክትም ከቦምብ አላዳነም። በታኅሣሥ 1935 በደሴ የነበረው የአሜሪካ ሆስፒታል፣ በወሩም መጨረሻ በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን የቀይ መስቀል ጓድ በቦምብ ተደበደቡ። ለዚህ ዘመን ባለሙያ ሊጤነው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ በዚያ ጦርነት በአንድ በኩል የተሰለፈው የኬሚስትሪና የአቪዬሽን ምሕንድስና ሙሉ ውጤት ሲሆን፣ በሌላው በኩል ያንን ለመመለስ የቆሙት ገና ከትምህርት ቤት የወጡ ጥቂት ወጣቶች መሆናቸው ነው።

ጦሩ ከተፈታ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 2 ቀን 1936 ከአዲስ አበባ ወጡ። ዶክተር መላኩና ቤተሰባቸውም ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። በአገር ቤት የቀሩት የተማሩ ወጣቶች ዕጣ ከዚህ የከፋ ሆነ። በእንግሊዝ አገር የተማረው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራው የጥቁር አንበሳ ድርጅት ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት እጩ መኰንኖች ጋር በምዕራብ ሲዋጋ ቆይቶ በ1936 መጨረሻ እጁን ለመስጠት ተገደደ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶቹ ትምህርት ያለውን ሰው እየለቀሙ ገደሉ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች፣ በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ቤንጃሚንና ዮሴፍ፣ ከተገደሉት መካከል ነበሩ። ዶክተር መላኩ በሕይወት የተረፉት በስደት በመሆናቸው ነው። ያንን የተረፈ ሕይወት በምን ሥራ ላይ እንደሚያውሉት መወሰን የርሳቸው ፈንታ ነበር።

በሐርለም

ጦርነቱ በተጀመረ ጊዜ በአሜሪካ የሚኖረው ጥቁር ሕዝብ በከፍተኛ ስሜት ተነሣስቶ ነበር። በሐርለም፣ በቺካጎና በሌሎችም ከተሞች ሰልፎች ተደረጉ፤ ብዙ ሰዎች ለመዝመት ተመዘገቡ። የአሜሪካ መንግሥት ግን ዜጎቹ በባዕድ ጦር ውስጥ እንዳይገቡ ስለ ከለከለና በገለልተኝነት ሕጉ የጦር መሣሪያ ሽያጭን ስላገደ፣ የቀረው እርዳታ ገንዘብና መድኃኒት ብቻ ሆነ። ገንዘቡን የሚሰበስቡት ኮሚቴዎች ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ፣ አንዳንዶቹም የማይታመኑ ነበሩ። በ1936 በጋ ሦስት ሰዎች ያሉበት የሐርለም ልዑካን ቡድን ወደ ለንደን ተጉዞ፣ ሁሉም የሚሰማውና የሚያምነው ኢትዮጵያዊ እንዲላክለት ንጉሠ ነገሥቱን ጠየቀ። ለዚህ ሥራ ከዶክተር መላኩ የተሻለ ሰው አልነበረም። ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ከሕዝቡ ጋር ኖረዋል፤ በጋብቻም ተዛምደዋል።

ዶክተር መላኩ በመስከረም 1936 ኒው ዮርክ ደረሱ። በከተማይቱ ነጮች ከሚኖሩበት ክፍል ይልቅ መኖሪያቸውንና ቢሮአቸውን በሐርለም አደረጉ። በጥር 1937 የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። በመጀመሪያ የተቀላቀሉት ኅብረት በፖለቲካ ቡድኖች ሽኩቻ በመዳከሙ፣ በነሐሴ 25 ቀን 1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌደሬሽንን አቋቋሙ። የፌደሬሽኑ መሠረተ አሳብ ጥቁር ሕዝብ በየትም አገር ቢኖር የኢትዮጵያ ነጻነት የራሱ ጉዳይ መሆኑን ተቀብሎ በአንድ ማኅበር እንዲደራጅ ነበር። ቅርንጫፎቹም በአሜሪካ ከተሞችና በካሪቢያን ደሴቶች ተስፋፉ። በ1939 ዶክተር መላኩ የሕይወታቸውን ጉዞና የትግሉን ዓላማ የሚያስረዳ አነስተኛ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተሙ።

ሥራው ፈተና የበዛበት ነበር። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና አላለፈም፤ የሚዋጣው ገንዘብ የቤት ሠራተኞች፣ የሆቴል አስተናጋጆችና የወዛደሮች ሳንቲም ነበር። በአሳብ ልዩነት የሚለዩ አባሎች፣ በየጊዜው የሚነሡ ክርክሮች ነበሩ። በገንዘብ መልክ ከተገኘው ይልቅ ትልቁ ውጤት ኢትዮጵያ የተያዘች እንጂ የጠፋች አገር አለመሆንዋ እንዳይረሳ ማድረጉ ነው። በ1938 የእንግሊዝና የሌሎች መንግሥታት ዲፕሎማቶች ወረራውን ተቀብለው ፊታቸውን ባዞሩበት ወቅት፣ በየሳምንቱ በሐርለም አዳራሾችና አብያተ ክርስቲያናት የኢትዮጵያ ስም ይጠራ ነበር። በአገር ውስጥ በየጫካው የሚዋጉት አርበኞች ዜናም በኢትዮጵያ ድምፅ ገጾች ላይ ይወጣ ነበር።

በ1940 ክረምት ዶክተር መላኩ በብርዱ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሲቀሰቅሱ የሳንባ ምች ያዛቸው። ለዓመታት ያለ ዕረፍት የደከመው ሰውነታቸው በሽታውን ሊቋቋመው አልቻለም። በግንቦት 4 ቀን 1940፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ40 ዓመታቸው በኒው ዮርክ አረፉ። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት አራተኛ ዓመት የሚሞላው በማግሥቱ ነበር። ከሞቱም አንድ ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በአዲስ አበባ እንደገና ተሰቀለ።

የሥራው ፍሬ

የዶክተር መላኩ ሥራ ከሞታቸው በኋላ በብዙ መንገድ ቀጥሏል። ከነጻነት በኋላ ከአሜሪካና ከካሪቢያን የመጡ ጥቁር መምህራን፣ ጋዜጠኞችና ቴክኒሻኖች አገሪቱን መልሶ በማቋቋም ሥራ ተካፍለዋል። ጓያና የተወለዱት ዴቪድ ታልቦት የኢትዮጵያን ሄራልድ ጋዜጣ ለብዙ ዓመታት አዘጋጅተዋል። በሻሸመኔ 5 ጋሻ መሬት በጭንቅ ጊዜ ኢትዮጵያን ለረዱት የምዕራብ ዓለም ጥቁር ሕዝቦች በፌደሬሽኑ በኩል ተሰጥቶ፣ በዚያ የሰፈሩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች እስከ ዛሬ ይኖሩበታል። በ1954 ንጉሠ ነገሥቱ አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በ1964 ደግሞ ፕሮፌሰር ሐንስቤሪ ስለ አፍሪቃ ጥናት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባሉት መንገዶችም በአማርኛ የተጻፉ ማስታወቂያዎች ይታያሉ። መላኩ በያን በዚያ ሲማሩ በአካባቢው የነበሩት ኢትዮጵያውያን እጅግ ጥቂት ነበሩ።

የወጪና የገቢ ስሌት ብቻ ለሚያይ ሰው፣ 13 ዓመት የተማረ ሐኪም አንድ ዓመት ብቻ ማከሙ ኪሣራ ሊመስል ይችላል። እርግጥም ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ከሐኪም የበለጠ የሚያስፈልጋት ነገር ጥቂት ነበር፤ በሰላም ቢሆን ኖሮ ሊያድኑት ይችሉ የነበረውን ሰው ብዛት ማንም አያውቀውም። ይሁንና ከሐዋርድ ያመጡት እውቀት የሰውን አካል ማከም ብቻ አልነበረም። በባዕድ አገር ከተገፋው ሕዝብ ጎን መቆምን፣ ባለሙያን ካለበት ፈልጎ ሥራ ካለበት ማድረስን፣ የተበታተነን ኅብረተሰብ በአንድ ማኅበር ማደራጀትን ተምረው ነበር። አገሪቱ በተያዘች ጊዜ ይህ ሁለተኛው እውቀት ከመጀመሪያው ይልቅ ተፈላጊ ሆኖ ተገኘ።

የዶክተር መላኩ ታሪክ በየዘመኑ ወደ ውጭ ለሚሄደው ተማሪም ሆነ በአገር ውስጥ በሙያ ማኅበር ለተሰባሰበው ባለሙያ የሚያቀርበው ጥያቄ አለ። አንድ ሰው የተማረበት ዩኒቨርሲቲ በር ለርሱ ሲከፈት ለሌላው የተዘጋ ከሆነ፣ የገባው ሰው በውስጥ ሆኖ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? መላኩ በያን የተከፈተላቸውን በር ትተው በሩ ከተዘጋባቸው ሰዎች ጋር ሄደው ተማሩ። ችግር በመጣ ጊዜም አገራቸው ወዳጅ ያገኘችው ከነዚያው ሰዎች ዘንድ ነው።